ርኅራኄ ወይስ መብት? «ስደተኛው ልጅ» ስለተሰኘው ልቦለድ

ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብ ፊት የለውም፤ ፊት የሚሰጠው ኪነ ጥበብ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቤንጃሚን ዘፋንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ስደተኛው ልጅ» ይህንኑ ተግባር ለመወጣት የተነሣ ልቦለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዓለም ኬሎ የ14 ዓመት ብላቴና ሲሆን፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት ሁለቱም ወገኖች ቤተሰቡን እንደ ጠላት ስለቆጠሩት፣ አባት ልጁን ወደ እንግሊዝ አገር ወስዶ በአንድ ሆቴል ትቶት ይመለሳል። ስሙ ዓለም የሆነው ልጅ በዓለም ላይ መጠጊያ ያጣል።

የልቦለዱ ዋነኛ ጥንካሬ አከፋፈቱ ነው። ወታደሮች በኢትዮጵያ ወደ ቤተሰቡ ቤት ሰብረው ይገባሉ፤ ቀጥሎም በኤርትራ ያው ድርጊት በተመሳሳይ ቃላት ይደገማል። ድግግሞሹ የቃላት ድህነት አይደለም። ዘግይቶ የፍርድ ቤቱ ክርክር ሲነሣ፣ አንባቢው ልጁ የሚመለስበት ደጅ እንደሌለ አስቀድሞ ተረድቷል።

ድርሰቱ የወጣበት ጊዜም ሊጤን ይገባል። ብሪታንያ የ1989ኙን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1991 እ.ኤ.አ. ስታጸድቅ የኢሚግሬሽን ጉዳይን የሚመለከት ገደብ አኑራ ነበር፤ ያነሣችውም በ2008 ነው። ጥገኝነት ለተነፈገ ብቸኛ ልጅ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድም ወደ 18 ዓመቱ ሲቃረብ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ለሌሎች ልጆች ደስታ የሆነው ማደግ ለእርሱ ሥጋት ይሆንበታል።

ይሁንና ልቦለዱ ነቀፌታ አያጣውም። ዓለም ጨዋ፣ ትጉህ፣ መጽሐፍ ወዳድ ነው፤ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ለመሆንም ይመኛል። ደራሲው የአንባቢውን ፍቅር የሚገዛው በእነዚህ ባሕርያት ነው። ታዲያ ቁጡው፣ ትምህርት የማይገባው፣ የደረሰበትን አቀናብሮ መናገር የተሳነው ልጅስ? ከለላ የመልካም ጠባይ ሽልማት ከሆነ መብትነቱ ይቀራል። ድርሰቱ ይህን ጥያቄ ሳይጋፈጠው ያልፋል።

ኢትዮጵያዊት እናት የወለደችው፣ ግን በእንግሊዝ አገር በአሳዳጊ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ያደገው ባለቅኔ ለምን ሲሳይ፣ ልቦለዱን ለመድረክ አዘጋጅቶት በ2013 እ.ኤ.አ. በሊድስ ከተማ ታይቷል። በመንግሥት መዝገብ ሥር ያለፈ ልጅነትን በሕይወቱ የሚያውቅ ጸሐፊ ይህን ታሪክ መምረጡ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። ሥራውን ለተማሪዎቻቸው የሚያቀርቡ መምህራን «ዓለም ለምን ያሳዝናል?» ከማለት ይልቅ «ባያሳዝንስ ኖሮ?» ብለው ቢያወያዩ፣ ልቦለዱ የጀመረውን ከፍጻሜ ያደርሱታል።