ነጠላ ዜማ እና «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»

ስለ ዘፈን ሂስ መጻፍ በመካከላችን እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም። ግጥም በወረቀት ታትሞ ሲመጣ ቤት መምቻውን እንመረምራለን፤ ሰሙን ከወርቁ እንለያለን፤ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። ያው ግጥም ሳክስፎንና ከበሮ አጅበውት ሲመጣ ግን «ተወው ባክህ፣ ዘፈን ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል እንላለን። ሕዝባችን ግጥምን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮው ነው። ሂሱም ጆሮ ያስፈልገዋል።

ሰሞኑን በተማሪው ዘንድ ሁለት ክሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ነጠላ ዜማ አልበምን ገደለው፤ የዛሬ ዘፋኝ አንዲት ዘፈን ሠርቶ በኢንተርኔት ይለቃትና ይተኛል» የሚል ነው። ለቡ መብራት ኃይል ከታክሲ ወርዶ እስከ ቤቱ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንዲቱን ዘፈን በየሱቁ በር ሦስት አራት ጊዜ ይሰማታልና፣ ክሱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው አንልም። ሁለተኛው ክስ ወደ ኋላ ይሄዳል። «የድሮዎቹስ ምን ነበራቸው? ፈረንጅ ገልባጮች ናቸው። አለማየሁ እሸቴ የኤልቪስ ግልባጭ አይደለም ወይ?» ይላል። ሁለቱንም ክሶች በአንድ ሸክላ ለመመለስ እንሞክር።

ሸክላዋ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣችው የአምሃ ሪከርድስ የመጀመሪያ ሥራ ናት። በአንደኛው ፊቷ «ትማርኪያለሽ»፣ በሌላው «ያ ታራ» ተቀርጸውባታል፤ ዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ሁኔታ ካላስታወስን የዚችን ሸክላ ክብደት አንረዳውም። በዚያ ዘመን ዘፋኝ ማለት በአብዛኛው የመሥሪያ ቤት ሰው ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት ወይም የሀገር ፍቅር ተብሎ ነበር የሚታወቀው። አለማየሁም የወጣው ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር ዘሎ የገባው አምሃ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኝ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ነበር። ዕድሜው ከእኛ ብዙም አይርቅም! ቅጂውን ሕንድ ልኮ ሁለት ሺህ ያህል አሳተመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሸጦ አለቀ።

እንግዲህ ነጠላ ዜማ የዚያን ዘመን ዘፈን አልገደለውም፤ ከመሥሪያ ቤት ነው ያወጣው። ገዥው ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ የወደደውን ድምፅ ለይቶ መረጠ። ዘፋኙ በስሙ ቆመ። ይህ ነገር ለእኛ ትንሽ ለውጥ አይመስለንም።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር እንበል። በደቂቃ አርባ አምስት ዙር የሚዞረው ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚችለው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበለ ሊዘልቅ የሚችለውን የአዝማሪ ዘፈን እዚያ ውስጥ ማስገባት ማለት መቁረጥ፣ መምረጥ፣ ማሰር ማለት ነው። የነፋሾቹ መግቢያ የት ይብቃ? አዝማቹ ስንት ጊዜ ይመለስ? ማሲንቆ መቺው እንደ አድማጩ ፊት እያየ የሚወስነውን፣ እዚህ አቀናባሪው አስቀድሞ ሊወስነው ግድ ሆነ። ጥበቱ ጥበብን ወለደ ብንል ማጋነን አይሆንም። መለኪያውም ይኸው ነው፦ ነጠላ ዜማ ሲባል ደጋፊ ሳይኖረው ብቻውን የሚቆም ዘፈን ማለት ነው። የዛሬውን ዘፋኝ አንድ ብቻ ስለሠራ አንክሰሰው። ያቺ አንዷ ያለ ቪዲዮዋ፣ ያለ ልብሷና ያለ መኪናዋ ትቆማለች ወይ ብለን እንጠይቀው።

ወደ ሁለተኛው ክስ እንለፍ። ለመሆኑ ኤልቪስ ራሱ ከየት መጣ? የመጀመሪያ ሸክላው የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1954 በሜምፊስ ከተማ፣ ሰን በተባለው የሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ ነው። ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አብረውት አንድ ጊታርና አንድ ቤዝ ብቻ አሉ፤ ከበሮ እንኳ የለም። አንደኛው ፊት የጥቁሩ የአርተር ክሩዳፕ ብሉዝ ነው። ዘፈኑ በሬዲዮ ተሰምቶ ሰው ስልክ ሲያጨናንቅ፣ ሸክላ ሁለት ፊት ይፈልጋልና ለሌላው ፊት በጥድፊያ ተጨማሪ ዘፈን ተፈለገ። የተገኘው የቢል ሞንሮ ዘፈን ነበር፤ አሜሪካኖች «ካንትሪ» ከሚሉት ከባላገር ዘፈናቸው ወገን ነው። በሦስት ምት የሚሄድ ዋልትስ የነበረውን በአራት ምት አፍጥነው ዘፈኑት። ከተሜው ፖፕ ካንትሪን ያገኘው በእንዲህ ዓይነቱ ጥድፊያና ድፍረት ነው። ታዲያ ኤልቪስ ራሱ ከጥቁሩም ከባላገሩም የተበደረ ከሆነ «የኤልቪስ ግልባጭ» ማለት ምን ማለት ነው? የተበዳሪ ተበዳሪ?

በመሠረቱ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚለው ቅጽል የሚነግረን ስለ ፀጉሩና ስለ ልብሱ ነው። አለማየሁ በወጣትነቱ የአሜሪካ ዘፈኖች ይዘፍን፣ እንደ አሜሪካኖቹም ይለብስ እንደነበር አልሸሸገም። ሰው አጥብቆ የወደደው ግን በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ይህ ምስክርነት ከቅጽሉ ይበልጣል። ነፋሾቹንም ቢሆን ከየት አመጣናቸው? ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች የናስ ባንድ፣ በኋላም የጦር ሠራዊት ባንዶች ያወረሱን ናቸው። ንጹሕ፣ ያልተነካካ ዘፈን የሚሻ ሰው ፍለጋው ረጅም ይሆንበታል። የምንጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የተበደርከውን ምን አደረግህበት? አለማየሁ ጩኸቱን ተበድሮ ይሆናል፤ ድምፁን የሚሰብርበትና ቃሉን የሚያንዘረዝርበት መንገድ ግን የአማርኛ ነው።

ይህን ስንል ሁሉንም እናመስግን ማለታችን አይደለም። የዘመኑ የብዙ ሸክላዎች ግጥም ከዓይንሽና ከጥርስሽ ብዙም አይርቅም፤ ዜማው የተሸከመው ስንኝ ይበዛል። ሌላም ቅሬታ አለን፤ ይህኛው አድማጩን ይመለከታል። ግርማ በየነ በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች ጥቂት ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን በብዙ አሥር ይቆጠራሉ። ከመካከላችን ስንቱ ስሙን ያውቃል? ድምፃዊውን ብቻ ማወቅ ቲያትር አይቶ ደራሲውን አለመጠየቅ ነው።

አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ያህል አልበሞች አሳተመ። ከዚያ አሳታሚው አገር ለቆ ወጣ፤ በሸክላውም ቦታ ካሴት መጣ። እነዚያን ሸክላዎች ሰብስቦ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» በሚል ተከታታይ ለዓለም ያሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ምስጋና ይገባዋል። ለእኛ ግን ያሳፍራል፤ የገዛ አያቶቻችንን ሳሎን ዘፈን ከፓሪስ በመጣ ሲዲ ሰማነው። አምሃም አለማየሁም በ2021 በወራት ልዩነት አረፉ። የሚጠየቅ ሰው እየቀነሰ ነው።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ላይ አንድ ሥራ እንጥላለን። በየቤታችሁ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ ሸክላ ካለ አውርዱት። ክቡ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሁሉ ገልብጡ፤ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የደራሲውን ስም፣ ቁጥሩንም አትተዉ። ከዚያ እናት አባቶቻችሁን፣ አያቶቻችሁን መቼና የት እንደ ገዙት ጠይቁ። ላኩልን፣ እናትማለን። «ዘፈን ነው፣ ተዉት» የሚል ካለም ክርክሩን ይጻፍልን፤ እሱንም እናትማለን።