ቁልፉ ጉያው ውስጥ ነበር

ባለፈው ሴሚስተር ውጤት በተለጠፈ ማግሥት አንድ የዶርም ጓደኛችን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምሳ ቢሉት እምቢ፣ ራት ቢሉት እምቢ። አንዱ ደግ አሳቢ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በወረቀት ጽፎ ራስጌው ለጠፈለት። ልጁ ቀና ብሎ አነበበና፣ «ይሄንን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ለኔ የተጻፈ አይደለም» አለ። ተመልሶም ተኛ።

ይህ አነጋገር ከጆሮዬ ሳይወጣ ነው የእንግሊዛዊውን የጆን በንያንን መጽሐፍ እንደገና ያነሣሁት። «የመንገደኛው ጉዞ» እንበለው። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1678 ነው፤ በአማርኛም ከተተረጐመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አንዳንዶቻችን በልጅነታችን አይተነው «ተረት ነው» ብለን ትተነዋል። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ግን የጥርጣሬውን ግንብ ታሪክ ብቻ ይዤ ከአንባቢዎቻችን ጋር መከራከር እፈልጋለሁ።

ክርስቲያን የሚባለው መንገደኛና ጓደኛው ባለተስፋ መንገዱ እግራቸውን ስለ ላጣቸው አጥር ዘለው በለምለም መስክ ያቋርጣሉ። ከፊታቸው «ከንቱ ትምክህት» የሚባል ሰው መንገዱን አውቃለሁ ብሎ ይመራል፤ ሲመሽ ጉድጓድ ገብቶ ይሰበራል። እነሱንም ቀቢጸ ተስፋ የሚባለው ግዙፍ ሰው ከግዛቴ ገባችሁ ብሎ ይይዛቸውና ከጥርጣሬ ግንብ ይዘጋባቸዋል። ከረቡዕ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ሌሊት ያለ እህል ውሃ፣ ያለ ብርሃን! የግዙፉ ሚስት ስሟ አለመተማመን ነው። ባሏን ሌሊት ሌሊት የምትመክረው እሷ ናት፤ ደብድባቸው፣ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ንገራቸው፣ ከነሱ በፊት የሞቱትን ሰዎች አጥንት አሳያቸው ትለዋለች። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሁለቱ መጸለይ ይጀምራሉ። ሊነጋ ሲል ክርስቲያን ብድግ ብሎ «የተስፋ ቃል» የሚባል ቁልፍ ጉያው ውስጥ እንዳለ ያስታውሳል። በሩ ተከፈተ፣ ወጡ።

እንግዲህ ተቃውሞዬ እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ ከመጀመሪያውም ጉያው ውስጥ ከነበረ አራት ቀን ሙሉ ምን ይጠብቅ ነበር? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ብለን እንለፈው? የታሪክ አወቃቀር ለሚመረምር አንባቢ ይህ የደራሲ ስንፍና ይመስላል። መጽሐፉን በዚሁ ዘግቼው ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ በንያን ስለ ራሱ ሕይወት የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1666 የታተመው «የበዛ ጸጋ» ነው። ሰውዬው እየዞረ ድስትና መጥበሻ የሚጠግን ድሃ ነበር። ያለ ፈቃድ ትሰብካለህ ተብሎ ከ1660 እስከ 1672 በቤድፎርድ ታስሯል። ከእስሩ በፊት ግን የባሰ እስር ነበረበት። ክርስቶስን በልቤ ሸጫለሁ ብሎ አመነ። ይህን ውሸት ያጸናበትም ሌላ ሳይሆን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው! በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ብኩርናውን የሸጠው የኤሳው ነገር ሌት ተቀን አሳደደው። እንደ ጓደኛችን፣ ቃሉን በደንብ ያውቀዋል፤ ፍርዱን ለራሱ ይወስዳል፣ ምሕረቱን ለሌላ ይተዋል።

እንዴት ወጣ? በአንድ ጥቅስ በአንድ ቀን አልወጣም። በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 12 ላይ ጸጋ በድካም ውስጥ እንደሚበቃ የሚናገረው ቃል ከኤሳው ቃል ጋር በልቡ ውስጥ ተጋጠሙ፤ የኤሳው ቃል እየደከመ ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ደፍሮ ወደሚያስፈራው ክፍል ቀርቦ የመረመረው። በቅርብ ሲያየው እንደ ፈራው ሆኖ አላገኘውም። የኛ ትምህርት ይሄ ነው፤ የሐሰት እምነት ብዙ ጊዜ ከእውነት የተቀነጨበ ነውና መድኃኒቱ ጠጋ ብሎ ሙሉውን ማንበብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በንያን በእግዚአብሔር ታምኖ ያፈረ ማን ነው የሚል ቃል ወደ ልቡ መጥቶ አጽናንቶት ነበር። በመጽሐፍ ቅዱሱ ከአንድ ዓመት በላይ ፈልጎ አጣው። በመጨረሻ ያገኘው በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 2 ነው። እሱ ሲራክን ከቅዱሳት መጻሕፍት ስለማይቆጥር መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን የብዙ ተስፋዎች ድምር ነው ብሎ ተቀበለው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት በሚገኙበት ቤት ያደገ ሰው ግን ያንን ቃል ሳይፈልግ ያገኘዋል። አላነበብነው ይሆናል እንጂ ጉያችን ውስጥ ነው።

ወደ ግንቡ እንመለስ። አሁን የአራቱ ቀን መዘግየት የገባኝ ይመስለኛል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ቃሉን አልረሳም፤ ለሱ መሆኑን ነው የረሳው። ብዙ ሰባኪዎቻችን የሚዘሉት ደግሞ ባለተስፋን ነው። ክርስቲያን ሁለት ጊዜ ሞትን ሊመርጥ ሲያዘነብል «እስከ አሁን ያለፍከውን አስታውስ፣ ትንሽ እንታገሥ» እያለ ያቆየው እሱ ነው። ቁልፉ የክርስቲያን ነው፤ ቁልፉ እስኪታወስ ድረስ በሕይወት ያቆየው ግን ጓደኛው ነው። ባለተስፋ ከጎኑ ባይኖር አጥንቱ ከሌሎቹ አጥንት ጋር በተቆጠረ ነበር።

እርግጥ ነው፣ እንከን አለው። በ1684 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ግዙፉ ይገደላል፣ ግንቡም ይፈርሳል። ይህ ለኔ ቸኩሏል። እውነተኛው ቀቢጸ ተስፋ አንድ ጊዜ በሰይፍ ተመትቶ የሚቀር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ይበልጣል፤ እዚያ ያመለጡት ሁለቱ ከኋላ ለሚመጣው መንገደኛ ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ምሰሶ አቁመው ይሄዳሉ። ይኸው ነው አቅማችን።

«በራስህ ተማመን» የሚለውን ምክር በንያን የሚሰጠው አይመስለኝም። ከንቱ ትምክህት በራሱ ተማምኖ ነው ጉድጓድ የገባው። በንያን የሚለው ሌላ ነው፤ የተሰጠህን ቃል እመን፣ ብቻህን ግን አትታገል።

የዶርም ጓደኛችንስ? ወረቀቱን አንሥተን ሁለት ሌሊት አብረነው ተቀመጥን። በሦስተኛው ጠዋት ሻይ ጠጣ። ጥቅሱን የገለጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበልን። የምትቃወሙኝ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።