ልኩን የሚያውቅ ጥገና

ቁስል ሲያገግም ከሥሩ ብቅ የሚለው ቀይ፣ ጎርበጥ ያለ ሥጋ አድናቆት ይገባዋል። የሚቀላው አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሞሉት ነው፤ ፋሻ ሲነሳ ቶሎ የሚደማውም ለዚሁ ነው።

የደም ሥር ሲበጠስ አካባቢው ኦክስጅን ያጥረዋል። የታፈኑት ሕዋሳት ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ከጎረቤት የደም ሥር ግድግዳ አንዲት ሕዋስ ወጥታ ፕሮቲኑ ወደበዛበት ታመራለች፤ ሌሎቹ እየተባዙ ይከተሏታል። እንዲህ የበቀሉት የሥር ቡቃያዎች ተገናኝተው ውስጣቸው ሲከፈት ደም ያልፋል። ሕዋሳት የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚለዩ የደረሱበት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

ይበልጥ የሚገርመኝ ሰውነት ይህን ጥገና ማቆም መቻሉ ነው። ቁስሉ ሲሽር ትርፎቹ ሥሮች ይከስማሉ፤ ጠባሳውም መቅላቱን ይተዋል። የካንሰር ዕጢ በዚሁ ዘዴ ደም ይስባል፤ በቃኝን ግን አያውቅም።