አሮጌዪቱ ቮልስና ነጅዋ

ዱሮ ሰው በበቅሎ ሲሄድ የበቅሎዋ ጌጥና የባለቤቷ ጠባይ ባንድነት ይመረመሩ ነበር። ግላሷ የተጠለፈ፥ ልጓሟ ያማረ፥ አካሄዷም ሰጋር ቢሆን፥ ባለቤቷ ሽማግሌ ሲያገኝ የማይወርድ፥ እንስራ የተሸከመች ሴት ስታልፍ ልጓሙን የማይስብ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያየው ሰው «በቅሎዋስ ደኅና ነበረች» ብሎ ያልፋል። ይህ አነጋገር ለበቅሎዋ ምስጋና፥ ለጌታዋ ግን ስድብ ነው። ዛሬ በበቅሎዋ ፈንታ አውቶሞቢል ተተክቷል። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካስገባት ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ነገር ግን ስለ መኪና ስንነጋገር ስለ በቅሎዋ ብቻ ተናግረን ዝም የማለት ልማድ ይዞናል።

ይህን ነገር ያነሣሁት የእኅቴ ልጅ ባደሳት አንዲት ቮልስ ዋገን ምክንያት ነው። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ከደመወዙ እየቀነሰ፥ ቅዳሜና እሑዱን በጋራዥ እያሳለፈ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ፥ «ጋሼ፥ እስቲ አይተው ይፍረዱኝ» አለኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ዳሩ ግን በልጅነቴ በአባቴ ቮልስ የኋላ ወንበር ላይ ከሦስት ወንድሞቼ ጋራ ተጣብቄ ያደግሁ ስለ ሆንሁ፥ ለመፍረድ ጥቂት መብት ያለኝ መሰለኝ። ፈረድሁም። ፍርዱ ግን እንዳሰብሁት ቀላል ሆኖ አልተገኘም።

መኪናይቱ የተገኘችው ቀበና አካባቢ በአንድ ግቢ ጓሮ ቆማ፥ ጎማዎችዋ መሬት ውስጥ ሰምጠው፥ የኋላ ወንበርዋም ዶሮ እየተቀመጠበት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 የተሠራች ናት። የቮልስን ዕድሜ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የኋላ መስተዋትዋን ይመልከት፤ እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩት መስተዋታቸው በመካከል ተከፍሎ ሁለት ነው፤ ከዚያ እስከ 1957 የተሠሩት አንድ ትንሽ ሞላላ መስተዋት አላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የመጡት ደግሞ ሰፊና ባለ አራት ማዕዘን ናቸው። የልጁ መኪና ከሞላሎቹ ወገን ናት። ሞላላው መስተዋት እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለነጂው ከኋላው ያለውን መንገድ በስስት ነው የሚያሳየው። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሥራው ሁሉ ያስደነቀኝ ላሜራው ነው። በየጋራዡ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ዝገት የበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በመበየድ ፈንታ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ነው። ሲያዩት ያብረቀርቃል፤ ሁለት ክረምት ካለፈበት በኋላ ግን ስቱኮው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተሰነጠቀ ይወድቃል። እኔም ልጁ ሳያየኝ ትንሽ ማግኔት በኪሴ ይዤ ሄጄ በበሮቹ ግርጌና በመብራቶቹ ዙሪያ አስጠጋሁ። ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አይዝምና የተሸሸገውን ያወጣል። በሁሉም ቦታ ጥብቅ ብሎ ያዘ። ሰው ጐንበስ ብሎ የማያየውን የበር ግርጌ እንዲህ አድርጎ የቀጠቀጠው ባለሙያ ስሙ በየትም አልተጻፈም። እኔ ግን ከቀለሙ ይልቅ የርሱን ሥራ አስበልጬ አይቻለሁ።

ሁለተኛው የሚመሰገን ነገር የመታጠፊያው ምልክት ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የሚነዱት ቮልሶች ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አልነበራቸውም፤ ከበሩ በስተኋላ ባለው ምሰሶ ውስጥ ተጣጥፎ የሚኖር ትንሽ ክንድ ነበራቸው። ነጂው መታጠፍ ሲፈልግ ክንዱ ብርቱካን የመሰለ ብርሃን ይዞ ወደ ጎን ብቅ ይላል። (ዛሬ ፍሬቻ የምንለው ቃል በጣሊያንኛ ፍላጻ ማለት ነው፤ ክንዱን ያየ ሰው ስሙ ከወዴት እንደ መጣ አይጠፋውም።) ብዙዎች ይህን አውጥተው ጥለው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ልጁ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያፈላልግ ቆይቶ የክንዱን መስተዋት አገኘ። ሁለት ዓመት ለአንድ ጣት ለሚያህል መስተዋት! ይህንም ትዕግሥት በልባችሁ ያዙልኝ።

ነቀፌታም አለኝ። ቀለሙ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ይልቅ አብልጦ ያበራል፤ አሮጊት አያት እንደ ሙሽራ የተኳለች መሰለችኝ። በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች ከ1950 ጀምሮ በሚደረገው የመኪናዎች ውድድር ዛሬ ዛሬ ያልታደሱ፥ ቀለማቸው እንደ ደበዘዘ የተጠበቁ መኪናዎች ለብቻቸው ይዳኛሉ። ምክንያቱም ማንም ሰው መኪናን አሥር ጊዜ ሊያድሳት ይችላል፤ እንደ መጀመሪያዋ የምትሆነው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከቀለሙ የባሰው ጥፋት ግን ክላክሱ ነው። የፊተኛው ክላክስ እንደ ግልገል ጩኸት ያለች ትንሽ ድምፅ ነበረችው። ልጁ ይህን አውጥቶ የጭነት መኪና ክላክስ ገጠመባት፤ ባለ 6 ቮልት የነበረውንም ኤሌክትሪኳን ወደ 12 ለወጠው። ለመብራቱ ሲል ቢሆን ባመሰገንሁት ነበር፤ የ6 ቮልት መብራት በጨለማ ብዙ አያሳይምና። ነገር ግን ለመጮኽ ሲል ነው ያደረገው። «ሰው አልሰማ ሲለኝ ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። በዚህች ቃል ሳቅሁ፤ መሳቄም አሁን ያሳፍረኛል።

ልጁ የመኪናይቱን ብሎን ሁሉ ያውቃል፤ ልደቷን ግን አያውቅም ነበር። ነገርሁት። ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት በሂትለር ዘመን ነው። በ1938 ለፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተጣለ፤ ሕዝቡም በየሳምንቱ 5 ማርክ እየከፈለ በደብተሩ ላይ ቴምብር ቢለጥፍ በ990 ማርክ መኪና እንደሚያገኝ ተነገረው። ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው አምኖ ቆጠበ፤ አንድም ሰው ግን በዚያ ቁጠባ መኪና አላገኘም። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው የወታደር መኪና ሲሠራ፥ የሚሠሩትም ከብዙ አገር በግድ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ሻለቃ አይቫን ሂርስት የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ፍርስራሹን አስጠርጎ ሥራውን አስጀመረ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ፥ መጨረሻም በሜክሲኮ በፑብላ ከተማ፥ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠሩ። በእኛም አገር ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። እንግዲህ ይህች የሰው ሁሉ ወዳጅ የምትመስል ክብ ፊት ብዙ ነገር ተሸክማለች። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያም «ታዲያ የርሷ ጥፋት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። አይደለም። ብረት ኃጢአት የለውም። ኃጢአት ያለው መሪውን የያዘው ነው፤ ይህን ያልሁት ግን የእሑዱ ነገር ከመድረሱ በፊት ነበር።

እንዲህ ያለችው መኪና ከነጂዋ ብዙ ትጠይቃለች። የሞተርዋ ኃይል 30 ፈረስ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ወደ ሩብ የሚጠጋው ይቀርባታል። አንደኛ ማርሽ ስትሄድ በቀላሉ አይገባም፤ ወይ መቆም ነው፥ ወይ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጦ ሞተሩን ከጎማው ጋር ማስማማት ነው። ቤንዚኗ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚያሳይ ሰዓት የላትም፤ ሞተሩ መንተፍተፍ ሲጀምር ነጂው ከእግሩ አጠገብ ያለውን መክፈቻ አዙሮ ወደ መጠባበቂያው ይሄዳል፤ መክፈቻውን መመለስ የረሳ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በእግሩ ይሄዳል። ፍሬኗም ዛሬ እንደ ተለመደው የዲስክ ሳይሆን የታምቡር ነው፤ ውሃ ከገባበት ለጥቂት ጊዜ አልይዝ ይላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ነጂ አስቀድሞ ያስባል፥ ከሩቅ ያያል፥ ቀስ ይላል። በዚህ ምክንያት አሮጌ መኪና የጨዋነት ትምህርት ቤት ናት ብዬ አምን ነበር። ጽሑፌንም በዚሁ አሳብ ልፈጽመው ነበር።

በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ማለዳ ዝናቡ ካባራ በኋላ ልጁ ጋቢና አስቀምጦኝ የቀበናን ድልድይ ተሻግረን ወደ አራት ኪሎ ወጣን። ሰው ሁሉ ያየናል። ሕፃናት «ቮልስ! ቮልስ!» ይላሉ፤ ጐልማሶች ስልካቸውን አውጥተው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። እኔም እንደ ሹም ቀጥ ብዬ ተቀመጥሁ። ከፊታችን በመንገዱ ዳር፥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዱ ነበር። በእርሳቸውና በእኛ መካከል ዝናብ የሞላው ጉድጓድ አለ። ልጁ ፍጥነቱን አልቀነሰም፤ ያንን የጭነት መኪና ክላክስ ነፋ። ሴትዮዋ ደንግጠው ወደ ዳር ዘለሉ፤ ጭቃው ከነጠላቸው እስከ ፊታቸው ደረሰ። እኔ ዘወር ብዬ በሞላላው መስተዋት አየኋቸው። በዚያች ትንሽ መስተዋት ውስጥ፥ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ሲያዩ፥ እያነሡ እያነሡ ሄዱ።

ልጁ አላያቸውም። እኔ አየሁ፤ ነገር ግን «አቁም» አላልሁም። ለምን? ከፊታችን አንድ ወጣት ፎቶግራፍ ሊያነሣን ስልኩን ደግኖ ስለ ነበር ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ማታ ነገርሁት። በመጀመሪያ «ፍሬኑ ርሷል፥ ብይዘውም አይቆምም ነበር» አለ። ፍሬኑ ርሶ ከሆነ በዚያ ፍጥነት መንዳት አይገባህም ነበር፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፥ ነጂው አይቶ እግሩን እስኪያነሣ በምታልፈው አንዲት ሴኮንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል አልሁት። ቀጥሎ «ጭቃ ነው እንጂ አልገጨኋቸውም» አለ። በዚህ ጊዜ ተቈጣሁ። በእንግሊዝ አገር በ1988 የወጣው የመንገድ ሕግ ለሌላው መንገደኛ ሳያስቡ መንዳትን ራሱን ችሎ የቆመ ጥፋት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እግረኛን የመንገድ ውሃ መርጨትም ከዚሁ ይገባል። ማንም እንዲገጭ አይጠብቅም። መግጨትም ቢሆን የሚጀምረው ከዚያው፥ በእግር የሚሄደውን ሰው እንደ ግንድ ከመቍጠር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ጽሑፍ በዓለም መንገዶች ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ገልጿል። «ለጣት ለምታህል መስተዋት ሁለት ዓመት ጠበቅህ፤ ለሴትዮዋ ሁለት ሴኮንድ ብትጠብቅ ምን ይጎድልብህ ነበር?» አልሁት። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እርስዎስ ጋሼ፥ አይተው ለምን ዝም አሉ?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። በማግሥቱ ሴትዮዋን ሊፈልግ በዚያው መንገድ በእግሩ ሄደ፤ አላገኛቸውም። የዱሮውንም ክላክስ ሊያስመልስ ይፈልግ ጀመር፤ ነገር ግን ሽጦት ስለ ነበር ገና አልተገኘም።

በዚህ መካከል አንዳንድ ሰዎች ለአሮጌ መኪና መጨነቅ ምን ይረባል ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነውና እውነት ይመስላል። እኔ ግን የእነዚህን ዝምታ ባየሁ ቍጥር ስለ ቮልስ አስባለሁ። የቮልስን ሞተር ዓይነ ስውርም ቢሆን ከሩቅ ይሰማታል፤ በዝግታ የምትሄደውን የኤሌክትሪክ መኪና ግን ብዙ ጊዜ አጠገቡ እስክትደርስ አይሰማትም። በአውሮፓ ስለዚሁ ነገር በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ እንዲገጠምባቸው ሕግ አውጥተዋል። እንግዲህ በአዲሱም መኪና ቢሆን የነጂው ዐይን የባሰ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ቍልፉን ሰጠኝና «ዛሬ እርስዎ ይንዱ» አለ። ደስ አለኝ። ማርሹ ሁለት ጊዜ አንጓጓብኝ፥ ሦስተኛው ገባ። ቀስ ብዬ፥ ክንዱን ብቅ አድርጌ፥ ብዙዎች ምልክቱን አያውቁትምና እጄንም በመስኮት አውጥቼ ታጠፍሁ። ልጁ ሲስቅ አየሁት። ከአንድ ዜብራ ስንደርስ ፍራሽ በራሱ የተሸከመ ሰው ሊሻገር ገባ፤ ቆምሁለት። ሸክሙ ከባድ ነበርና እየተንገዳገደ ይሄዳል። ከኋላዬ አንድ ሚኒባስ ይጮኽብኝ ጀመር፤ ሌላም ተጨመረ። እኔም እጄ ምን እንደ ነካው አላውቅም፥ ክላክሱን ተጫንሁት።

ያ የጭነት መኪና ድምፅ መንገዱን ሞላው። ሰውዬው ዘለለ፥ ፍራሹ ወደ አንድ ወገን አዘመመ፥ በሁለት እጁ ያዘው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ መስተዋቱን ወደ ታች ማዞር ጀመርሁ። መዘወሪያው አዲስ ስለ ሆነ ይጠብቃል፤ መስተዋቱ ግማሽ ሳይወርድ ሰውዬው ከማዶ ደርሶ በሰው መካከል ገባ።