ጋዜጣው «እንቆቅልህ» ሲለኝ

ኧረ ጉድ ነው! ትናንት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ያመሸሁት ፊልም እያየሁ እንዳይመስላችሁ። ግራፍ እየሠራሁ ነው። አዎ፣ ግራፍ! የሒሳብ አስተማሪዬ ቢሰሙ አያምኑም።

ጉዱ የኒው ዮርክ ታይምስ ነው። ግራፉን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን እኔ ገና አሁን ደረስኩበት። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ አሜሪካ ውስጥ የወላጅ ገቢ ከፍ ባለ ቁጥር ኮሌጅ የሚገቡት ልጆች ስንት በመቶ ይደርሳሉ? ሌላ ጋዜጣ ቢሆን መልሱን ዘርግፎልኝ ይሄድ ነበር። ይኼኛው ግን ባዶ ሣጥን አቀረበልኝ፤ ከታች ከድሃ እስከ ሀብታም፣ በጎን መቶኛ። መስመሩን ራስህ ሥራው!

ጣቴን አሳረፍኩ። ድሃዎቹ ጋ ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፣ መሃል ላይ ሽቅብ አስወነጨፍኩት፣ ሀብታሞቹ ጋ ስደርስ አስተኛሁት። አጠፋሁ። እንደገና ሠራሁ። መጨረሴን ስነግረው እውነተኛው መስመር ብቅ አለ፦ ቀጥ ያለ! በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ገቢው አንድ እርከን በጨመረ ቁጥር ዕድሉም እኩል እኩል ይወጣል። የኔ ጥምዝምዝ ከየት እንደመጣ እንጃ። ይባስ ብሎ ሌሎች አንባቢዎች የሠሩትን ከኔው ጋር አስተያይቶ አሳየኝ።

ይኼ እኮ የኛው እንቆቅልህ ነው! ሳትገምት መልሱን አታገኝም፣ ከሳትክ ሀገር ትሰጣለህ። እኔ ጎንደርን አስረክቤ ወጣሁ። ያንኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ባነበው ኖሮ «ታዲያ ይኼ ማን ይጠፋዋል?» ብዬ አልፈው ነበር።

ከዚያማ ማን ይተኛል? በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሃሪ ስቲቨንስ ለዋሽንግተን ፖስት የሠራውን የበሽታ ስርጭት ማሳያ ከፈትኩ። ሲሙላይቲስ የሚባል የፈጠራ በሽታ አለ፤ ሰዎቹ የሚንከራተቱ ነጥቦች ናቸው። አንዷ የታመመች ነጥብ ጤነኛዋን ነካ ስታደርጋት በሽታው ይተላለፋል፤ የታመሙትም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይድናሉ። አብዛኞቹ ነጥቦች ባሉበት ሲቆሙ ደግሞ የሕመምተኞቹ ቁጥር የሚሠራው ተራራ ዝቅ ይላል። በተከፈተ ቁጥር ውጤቱ ስለሚለያይ የኔን ያየ ሌላ ሰው የለም! «አትንኪያት፣ አትንኪያት!» እያልኩ ብቻዬን ስጮህ ጎረቤት ምን እንዳለ እሱ ይወቅ።

የግራፉን ሊንክ ለእህቴ ላክሁላት። ሦስት ጊዜ አጥፍታ ሠርታለች፣ አሁንም «ቆይ ትንሽ» ትላለች። እኔ ሐረርን እየጠበቅሁ ነው።