ጳጉሜን የያዘች ጥቅል

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫ 8 የጃፓንን፣ የታይላንድንና የሂጅራን የዘመን አቆጣጠር ይዞ መጣ፤ የእኛን ግን አላካተተም። ጆዳ ታይም የተባለው ላይብረሪ ከዚያ በፊትም 13ቱን ወራት ያውቅ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ሁሉ እውቀት በአንዲት ጃር ፋይል መጓዙ ነው። ጃር በዚፕ ስልት የታጨቀ የክላሶች (የኮድ ክፍሎች) ጥቅል ነው፤ ቅጥያውን ወደ ዚፕ ለውጦ ከፍቶ ማየት ይቻላል። ሜቨን ለተባለው የፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያ ደግሞ የላይብረሪውን የቡድን መለያ፣ ስምና የእትም ቁጥር መጻፍ ይበቃል፤ ፈልጎ ያመጣዋል።

በተለይ የምወደው የመጨረሻውን ሥራ ነው፦ የራሴን ኮድና የተዋስኩትን በአንድ ትልቅ ጃር መጠቅለል። ይህ ካልተደረገና የተዋስኩት አብሮ ካልተላከ፣ እኔ ጋ የሚሠራው ፕሮግራም ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ «ክላሱ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ከተጠቀለለ ግን ተስማሚ የጃቫ እትም በተጫነበት ኮምፒውተር ሁሉ ይነሣል፤ ጳጉሜ 5 ቀን ይሁን 6፣ አስልቶ ይነግራል።