አንገት ላይ የተንጠለጠለው ብረት

ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተመውን፣ ርእሱን «አእምሮን ከቅኝ አገዛዝ ማላቀቅ» ብለን ልንመልሰው የምንችለውን የሂስ መጽሐፍ የአማርኛ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ለጎረቤት በማዘን ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲወጣ የኪኩዩ ብሔርተኞች ያቋቋሟቸው ትምህርት ቤቶች እንግሊዞች በሚመሯቸው ቦርዶች ሥር ወደቁ። በግቢው ኪኩዩ ሲናገር የተያዘ ሕፃን ይገረፋል፤ ወይም ደደብ ነኝ፣ አህያ ነኝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ብረት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ለአንዱ ልጅ የተሰጠች የልብስ ቁልፍ በአፍ መፍቻው ወደ ተናገረው ሁሉ ትተላለፋለች፤ ማምሻውን በእጁ የተገኘችበት ልጅ ከማን እንደተቀበላት ይናዘዛል። ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረግ ማለት ይህ ነው። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ከሚደጋገሙት ገጾች ሁሉ ይህች አጭር ትዝታ ትበልጥብኛለች።

በቅኝ ግዛቷ ኬንያ ትምህርት ቤት ለአውሮፓዊ፣ ለእስያዊና ለአፍሪካዊ በዘር ተከፋፍሎ ነበር። በ1963 ነፃነት ሲመጣ የዘሩ አጥር ፈረሰ፤ በማግሥቱ ግን የኦሚንዴ ኮሚሽን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን መከረ። ንጉጊ ይህን በብርቱ ይነቅፋል። አራት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ መምህሩ ምን ያድርግ ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም።

ለእኛ ፈተናው ሌላ ነው። «ቅኝ አልተገዛንም፤ የራሳችን ፊደል አለን» ብለን ራሳችንን በሕፃኑ ቦታ እናስቀምጣለን። ነገር ግን በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ በ1960ዎቹም አንደኛ ደረጃ ትምህርት በመላ ኢትዮጵያ በአማርኛ ይሰጥ ነበር። የሲዳማ፣ የኦሮሞ ወይም የከምባታ ልጅ መደመርን የተማረው እናቱ በማትናገረው ቋንቋ ነው። በ1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር እንኳ መደበኛው ትምህርት ቤት በዚያው ቀጠለ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማርን በር የከፈተው የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው።

እርግጥ ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። ከወለጋ የመጣው ሰሎሞን ዴሬሳ የአማርኛን ግጥም አድሶልናል ብሎ የሚከራከረኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ሰሎሞንን የምናውቀው ስለጻፈ ነው። ጥያቄው ገብቶት፣ መልሱንም እያወቀ፣ ቃሉ ስለጠፋው ብቻ እጁን ያላወጣውን የክፍል ጓደኛውን ማንም አልመዘገበልንም።